ዘይት ተቀብቶም የሚዝግ መሣሪያ፦ ችግሩና መፍትሄው

ክረምት ሲገባ መሮው፣ መጋዙና መላጊያው ዘይት እንደተቀቡ ይዝጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዘይቱ ማነስ አይደለም፤ ከዘይቱ ሥር የቀረው ነገር ወይም የዘይቱ ዓይነት ነው።

በአቼቶ የጠራው ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካንማ ሲሆን

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አቼቶ ዝገቱን ሲያሟሟ ብረቱን እርቃኑን ያስቀረዋል። ላዩ ላይ የቀረው አሲድና እርጥበት ወዲያው አዲስ ዝገት ያመጣሉ።

የእንጨት እጀታውን አውልቀው ብረቱን ማታ አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ጠዋት ያውጡት። ከዚያ በላይ ከቆየ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል፤ ስለቱም ይሻክራል። በሽቦ ብሩሽ እየፈተጉ ካጠቡት በኋላ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይንከሩት። እንደገና ያጥቡት፣ በጨርቅ ያድርቁት፣ ከዚያም እጅ ላይ ሞቅ እስኪል ምድጃ አጠገብ ያቆዩት። ዘይቱ የሚቀባው ሙቀቱ ሳይወጣለት ነው። «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ካሉ ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ግን አቼቶ ውስጥ አይግባ፣ ዚንኩ ይሟሟል።

ዘይቱ ቢጫ ሆኖ እንደ ሙጫ ሲይዝ

የምግብ ዘይት ነው የተቀባው። ከአየር ጋር ሲቆይ ይረጋል፤ የመቀስና የጉጠት መገጣጠሚያ አልላወስ ይላል። ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርገው በስፌት መኪና ዘይት ይተኩት፤ ለአንድ መጋዝ 4 ወይም 5 ጠብታ ይበቃል።

የተልባ ዘይትም ይደርቃል፣ እዚያ ላይ ግን መድረቁ ጥቅም ነው። ለዶማና ለአካፋ፣ ከነእጀታቸው፣ ስስ አድርገው ቀብተው ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ይጥረጉ፤ ለጥቂት ቀናት አየር ላይ ይተዉት። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉት፣ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ይወደዳል። አሲድና ጥላሸት አለበት፣ ለቆዳም መጥፎ ነው። ይቅርብዎ።

በደብሊው ዲ 40 ተረጭቶ በሳምንታት ውስጥ ሲዝግ

ስሙ ራሱ ውሃ ማስወገጃ፣ 40ኛው ቅመማ ማለት ነው። ውሃውን ገፍቶ የሚተወው ሽፋን ስስ ነው። እርጥቡን መሣሪያ በእሱ ያድርቁ፣ ለማስቀመጥ ግን ላዩን አዲስ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ ይቀቡት።

የጣት ቅርጽ ያለው ዝገት የላብ ጨው ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ አድርቀው፣ ዘይት ያስነኩት።

ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ሲዝግ

የቆዳ ማኅደር፣ እርጥብ ጨርቅና ካርቶን ውሃ ይይዛሉ። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው በረኪና ነው፦ ክዳኑ ቢገጠምም ትነቱ በአቅራቢያው ያለውን ብረት ይበላል። ከመሣሪያ ጋር አንድ ክፍል አያድር።

የብረት በር ቀለም አብጦ ሲላጥ

አንቲረስቱ (ዝገት መከላከያው ቀለም) የተቀባው በቅባት፣ በላላ ዝገት ወይም አዲስ ብረት ላይ ባለው ሰማያዊ ቅርፊት ላይ ነው። እስከ ብረቱ ፍቀው፣ በቲነር ጠርገው፣ በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀቡ። እብጠቱ ከታች ብቻ ከሆነ በብየዳው ክፍተት የገባ ውሃ ቱቦላሬው (በሩ የተሠራበት ክፍት ብረት) ውስጥ ተኝቷል፤ ከሥሩ በ6 ሚሊ ትራፓን ይብሱትና ያንጠፍጥፉት፣ የላይኛውን ክፍተት ይድፈኑ።