ቀን እየሠሩ ማታ ለሚማሩ፦ ራስን የመግዛት ልማድ እንዴት ይገነባል?

ቀን እየሠራ ማታ የሚማር ሰው ጥናቱን የሚያስተጓጉለው ብዙውን ጊዜ ፈቃዱ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ውሳኔውን ሰውነቱ ለዛለበት ሰዓት ስለሚያቆየው ነው። ስለዚህ «በርትቼ አጠናለሁ» ከማለት ይልቅ፣ «እራት እንደበላሁ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ ለ25 ደቂቃ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ጥያቄዎችን እሠራለሁ» ብለው ሰዓቱንና ተግባሩን አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠኑት ይህን መሰሉን ዕቅድ ነው።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናታቸው፣ አዲስ ተግባር ልማድ እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ መካከለኛ ግምት 66 ቀናት መሆኑን፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀናት እንደሚለያይ አመልክተዋል፤ አንድ ቀን መሳትም ሂደቱን እንደማያበላሽ አሳይተዋል። በእኔ እምነት ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብዙ ትጉህ ተማሪ ጥናቱን እርግፍ አድርጎ የሚተወው አንድ ምሽት ካመለጠው በኋላ በራሱ ተስፋ ቆርጦ ነውና።

ለትምህርት ክፍያው እቁብ ይግቡ፤ ብቻዎን ሲሆኑ የሚያጠፉትን ገንዘብ የአባላቱ ይሉኝታ ይጠብቅልዎታል። ለጥናቱም ቢሆን ከአንድ የክፍል ጓደኛዎ ጋር ዘወትር እሑድ ተገናኝታችሁ የሳምንቱን ሥራ ተሳሰቡ።