በሙቀት ንባብ ፈንታ የጥያቄ ምልክት
2 ኪሎባይት ራም ባለው አትሜጋ328ፒ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ የሙቀት መጠንን በፕሪንትኤፍ (የሲ ቋንቋ የማተሚያ ትዕዛዝ) ወደ ሲሪያል ወደብ በምልክበት ጊዜ፣ 23.5 ይወጣል ብዬ በጠበቅሁበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይታይ ነበር። ሴንሰሩንና ሽቦውን በከንቱ ስጠረጥር ቆይቼ፣ ሙሉ ቁጥሮች በትክክል መታተማቸውን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ኤቪአር ለሚባለው ለዚህ ቺፕ ቤተሰብ የተዘጋጀው የሲ ላይብረሪ ቦታ ለመቆጠብ ሲል በመደበኛው ፕሪንትኤፍ ውስጥ የነጥብ ቁጥር ማተሚያውን አያካትትም። ሙሉውን ቅጂ በሊንከሩ (የፕሮግራሙን ክፍሎች በሚያገናኘው መሣሪያ) በኩል ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ለአንዲት አሃዝ ሲባል ፍላሹን (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበትን ማህደረ ትውስታ) ማጣበብ ስላልፈለግሁ፣ ንባቡን በ10 አባዝቼ በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) ያዝሁና 235ን ለ10 አካፍዬ ድርሻውንና ቀሪውን በመካከላቸው ነጥብ አድርጌ አተምሁ። ከዜሮ በታች ሲወርድ ግን -5 (ማለትም -0.5) «0.-5» ሆኖ ስለወጣ፣ የመቀነስ ምልክቱን አስቀድሜ ለብቻው አትሜ፣ ማካፈሉን ምልክት በሌለው ቁጥር ላይ አደረግሁት።