ላፕቶፕ ሲገዙ ማጠፊያውንና ቦርሳውን እንዴት ይፈትሻሉ?

ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ራም፣ ስለ ሃርድ ዲስክና ስለ ባትሪ ነው። ክዳኑን ከታችኛው አካል ጋር የሚያያይዘውን፣ ጠጋኞች ሂንጅ የሚሉትን ማጠፊያ ልብ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። የደከመ ባትሪ ግን ይቀየራል፤ ማጠፊያው ሲነቀል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ብረቱ ሳይሆን ብረቱ የታሰረበት አካል ስለሆነ ጥገናው አስቸጋሪ ነው።

እኔም ይህን ያወቅሁት ከከሰርሁ በኋላ ነው። የገዛሁት ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ክዳኑ ሲከፈት ይገትር ነበር፤ ሻጩ «ብዙ ስላልተነካካ ነው» አለኝ፣ እኔም አመንሁት። በሦስተኛው ወር አንድ ማለዳ የቀኝ ጥጉን ይዤ ስከፍተው ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና የስክሪኑ ጠርዝ ከግርጌው ተፈለቀቀ። ጠጋኙ ሲፈታው ማጠፊያው ምንም አልሆነም፤ ከፕላስቲኩ ተነቅለው የወጡት ብሎኖቹ የሚታሰሩባቸው ትንንሽ የናስ ቀለበቶች ነበሩ። መዳፉ ላይ እንደ ምስር ፍሬ አድርጎ አሳየኝ።

ማጠፊያው ክዳኑን ባለበት የሚያቆመው በፍትጊያ ነው። ቅባቱ ሲደርቅ ወይም ብረቱ ሲዝግ ፍትጊያው ይበረታል፣ ክዳኑን ለመክፈት የምናወጣው ጉልበትም በቀጥታ ብሎኖቹ ወደታሰሩበት ቦታ ይሄዳል። ብሎኖቹ ብረት ላይ የታሰሩ ከሆነ ይችለዋል፤ ስስ ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ግን ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ግትርነትን የአዲስነት ምልክት አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ ፕላስቲክ አካል ባለው ላፕቶፕ ላይ እንዲያውም መጠርጠር ያለበት እርሱ ነው። በመጠኑ የላላና በጣም የገተረ ማጠፊያ ቀርቦልኝ ምረጥ ብባል የላላውን እመርጣለሁ፤ እርሱን ብሎን በማጥበቅ ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜ አለና።

ፍተሻውን ክዳኑ እንደተዘጋ ይጀምሩ። ላፕቶፑን ወደ ዓይንዎ ከፍ አድርገው በጎኑ ይመልከቱ፤ በክዳኑና በታችኛው አካል መካከል ያለው ክፍተት ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። በማጠፊያው ጥግ ላይ ብቻ ከሰፋ፣ የማጣበቂያ ርዝራዥ ከታየ ወይም ከሥሩ ብሎን ከጎደለ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተጠገነ ሊሆን ይችላል። ቀጥለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከመሐሉ ይዘው በዝግታ ይክፈቱ። በዚህ ጊዜ ዓይንዎ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ከኪቦርዱ በላይ ባሉት ሁለት ጥጎች ላይ ይሁን፤ ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ያ ቦታ አብሮ የሚነሳ ወይም የሚያብጥ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስልዎ ይተዉት። ከዚያ ክዳኑን በግማሽ፣ ቀጥ ብሎና ወደ ኋላ ተጋድሞ እያቆሙ ይልቀቁት፤ በሁሉም ላይ ሳይወድቅ መቆም አለበት። ይህን ሁሉ ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ያድርጉት፤ የስክሪኑ ገመድ የሚያልፈው በማጠፊያው በኩል ስለሆነ፣ ገመዱ ከተጎዳ ክዳኑ ሲወዛወዝ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። መብራት ጠፍቶ ባትሪውም ከሞተ ሌላ ቀን ይመለሱ።

ቦርሳውን በተመለከተ «ባለ 15.6 ነው» የሚለው የሻጭ ቃል በቂ አይደለም። 15.6 ኢንች ማለት የስክሪኑ ርዝመት ከጥግ እስከ ተቃራኒ ጥግ ሲለካ 39.6 ሴንቲ ሜትር ነው እንጂ የላፕቶፑ ስፋት አይደለም፤ ጠርዙ ወፍራም የሆነው የቀድሞው ዓይነት ከአዲሱ በጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዘው ሄደው ከትተው ይሞክሩት። ዚፑ ሳይታገል ከተዘጋ፣ በጎኑም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ልክ ነው። ቦርሳው ከጠበበ ሰው ላፕቶፑን የሚያወጣው የክዳኑን ጠርዝ ቆንጥጦ እየጎተተ ነው፤ ደህናውን ማጠፊያ በየቀኑ የሚነቀንቀውም ይኸው ነው። ከሰፋ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ እየተንሸራተተ ጥጎቹ ይጋጫሉ።

የታችኛውን ስፖንጅ በሁለት ጣት ጨምቀው ይዩት፤ ብዙ ቦርሳዎች ጎናቸው ወፍራም ሆኖ ሥራቸው ጨርቅ ብቻ ነው፣ መሬት የሚነካው ግን ሥራቸው ነው። የቻርጀሩ ኪስ ለብቻው መሆን አለበት፤ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ቦርሳው ጉልበትና ወንበር መሐል ተጣብቆ በየኩርባው ሲጨመቅ፣ ከክዳኑ ጀርባ የተቀመጠ ቻርጀር ስክሪኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። ለደሴ ክረምት ደግሞ ዚፑን የሚሸፍን ክዳን ያለው ይሻላል። የማንገቻውንም ስፌት ላፕቶፑ ውስጡ እንዳለ ሳብ አድርገው ይፈትኑት።

በመጨረሻ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥተው፣ ገንዘቡን ሳይቆጥሩ፣ ክዳኑን አንድ ጊዜ ደግመው ይክፈቱትና እነዚያን ሁለት ጥጎች ይመልከቱ።