የሉሲል ቦልን ሕይወት በሃያ ደቂቃ መተረክ፦ ባሕር ዳር፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ በስልክ

የውጭ አገር ተዋናይት ታሪክ በአማርኛ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ድምፁ ላይ አይደለም። ተወለደች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ተሸለመች፣ ሞተች እየተባለ ሲወርድ ነው። አድማጫችሁ ባጃጅ እየነዳ ወይም ሽንኩርት እየከተፈ የሚሰማ ሰው ነው። ሦስተኛው ዓመተ ምሕረት ሲጠራ ጆሮው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ከሰውዬዋ ሕይወት አንድ ውሳኔ ምረጡ፤ ሌላው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ወይም ከዚያ የሚመጣ ይሁን።

የአሜሪካዊቷ አስቂኝ ተዋናይት የሉሲል ቦል ውሳኔ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 እሷና ባሏ ዴሲ አርናዝ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን አስቂኝ ተከታታይ ድራማ በቀጥታ ስርጭት ሳይሆን በፊልም እንቅረጽ አሉ። ለዚህም ከሳምንታዊ ክፍያቸው 1,000 ዶላር አስቀንሰው የፊልሞቹን ባለቤትነት ወሰዱ። ሀብቷም፣ ስቱዲዮዋም፣ ዛሬ ድረስ መታየቷም ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ልኩን አስቡ። በትረካ ፍጥነት አማርኛ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ቃል ይነበባል። የራሳችሁን ለማወቅ 300 ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰዓት ያዙ። ሃያ ደቂቃ ካላችሁና ሦስቱን ለሙዚቃና ለትንፋሽ ከተዋችሁ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ በ100 ቃል ሲባዛ 1,700 ቃል ነው። ከዚያ በላይ የጻፈ ሰው መጨረሻው ላይ ይሮጣል፤ ሩጫው የሚሰማው ደግሞ ሞቷ ላይ ሲደርስ ነው፣ በጣም የሚያስቀይም ቦታ። አከፋፈሉን እንዲህ ብታደርጉት ይሻላል፦ ከልደት እስከ 40 ዓመቷ አራት ደቂቃ፣ ከ1951 እስከ 1953 ያሉት ሁለት ዓመታት ስምንት ደቂቃ፣ የስቱዲዮ ባለቤትነቷ ሦስት፣ የመጨረሻ ዘመኗ ሁለት። አርባ ዓመት በአራት ደቂቃ፣ ሁለት ዓመት በስምንት መሆኑ አያስጨንቃችሁ። ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ ግን በጥንቃቄ። ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ሰባት፣ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ላለው ስምንት ዓመት ይቀነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ሁሉም ቀን በአንድ ይዛነፋል። ድራማው የጀመረው ኦክቶበር 15 ቀን 1951 ነው። በልማድ ያሰላ ሰው ጥቅምት 5 ይላል። ግን 1943 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ትክክሉ ጥቅምት 4 ቀን 1944 ዓ.ም. ነው። የልደቷ ቀን፣ ኦገስት 6 ቀን 1911፣ ሐምሌ 30 ቀን 1903 ዓ.ም. ይሆናል፤ ያረፈችበት ኤፕሪል 26 ቀን 1989 ደግሞ ሚያዝያ 18 ቀን 1981 ዓ.ም.።

ይህን ልፋት የሚክስ አንድ ቀን አለ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 በእኛ ጥር 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት። ትረካውን በዚህ ክፈቱ። ሁለቱን አጀማመሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

ደካማው፦ «ሉሲል ዴዚሬ ቦል እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1911 በኒውዮርክ ግዛት፣ ጄምስታውን ከተማ፣ ከአባቷ ሄንሪ ቦልና ከእናቷ ዴዚሬ ሃንት ተወለደች።»

የሚሻለው፦ «ጥር 11 ቀን 1945 ዓ.ም.። እኛ ዘንድ የጥምቀት ዕለት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት የአርባ አንድ ዓመት ሴት በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተገላገለች። የዚያኑ ዕለት ማታ አርባ አራት ሚሊዮን ያህል ሰው ያችኑ ሴት በቴሌቪዥን፣ ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ አየ። በድራማውም የተወለደው ወንድ ነበር። እናቲቱ አልጋ ላይ ተኝታ እንዴት ስቱዲዮ ተገኘች?»

ጥያቄው አድማጩን ይይዘዋል። መልሱም የመረጣችሁት ውሳኔ ነው፦ ክፍሉ ቀደም ብሎ በፊልም ተቀርጾ ተቀምጦ ስለነበረ። ያን ዘመን አብዛኛው ፕሮግራም ከኒውዮርክ በቀጥታ ይሰራጭ ነበር። ሌላው አካባቢ የሚያየው የቴሌቪዥኑን ስክሪን በካሜራ ቀርጸው የላኩለትን ደብዛዛ ቅጂ ነው። ባልና ሚስቱ ሆሊውድን ለቀው ኒውዮርክ መግባት አልፈለጉም፤ ጣቢያውና ስፖንሰሩ ደግሞ ደብዛዛ ምስል አልፈለጉም። ፊልሙ ሁለቱን አስታረቀ። አድማጩ «ቀጥታ» እና «ቅጂ» የሚለውን ልዩነት ካልጨበጠ ቀሪው ሁሉ ስለማይገባው፣ እዚህ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁሙ።

የሦስት ካሜራ አሠራሩን ለማስረዳት ሰርግ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ አንዱ ቀራጭ ዳሱን በሙሉ ይይዛል፣ ሁለቱ የሙሽሮቹን ፊት ይከታተላሉ፣ በኋላ ሦስቱ ተቆራርጠው አንድ ይሆናሉ። በድራማው ሦስት ባለ 35 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራዎች ተመልካች ፊት በአንድ ጊዜ ይቀርጹ ነበር። ካርል ፍሮይንድ የተባለው የካሜራ ባለሙያ መብራቱን ከላይ እኩል አድርጎ ስላነጠፈው፣ ለየካሜራው ብርሃን ለመቀየር ጨዋታው አይቋረጥም። «በዓለም የመጀመሪያው» አትበሉ። በብዙ ካሜራ መቅረጽ ከዚያ በፊትም ነበር፤ የእነሱ ሥራ ልማድ አደረገው ማለት ይበቃል።

ከዚያ በፊት ስላሉት አርባ ዓመታት አራት ነገር ብቻ ያዙ። አራት ዓመት ሳይሞላት አባቷ በታይፎይድ ሞተ። ኒውዮርክ የድራማ ትምህርት ቤት ገብታ ተስፋ የላትም ተባለች፤ የክፍሉ ኮከብ በኋላ ዝነኛ የፊልም ተዋናይት የሆነችው ቤቲ ዴቪስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1933 ሆሊውድ ሄዳ ለብዙ ዓመት በትናንሽ ሚናዎች ቆየች። ከ1948 ጀምሮ በሬዲዮ አስቂኝ ድራማ ሠራች፤ ሳቅን በድምፅ ብቻ ማምጣት የተማረችው እዚያ ነው። የፊልሞቹን ዝርዝር ተዉት፤ በጆሮ አይገባም።

አማርኛው ላይ የሚያደናቅፉ ጥቂት ቃላት አሉ። አንደኛው ራሱ ስሟ ነው። እኛ ዘንድ «ሉሲ» ሲባል ድንቅነሽ ነች የምትመጣው። ስለዚህ ለተዋናይቷ ሁልጊዜ «ሉሲል»፣ ለገጸ ባሕርይዋ ብቻ «ሉሲ» በሉ፣ ልዩነቱንም መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሁለተኛው «እሷ» ወይስ «እሳቸው» የሚለው ነው። በልጅነቷ «እሷ» ብሎ ጀምሮ ስታረጅ «አረፉ» የሚል ተራኪ ለአድማጩ ሌላ ሰው የገባች ያስመስላል። ለከያኒ «እሷ» አክብሮት አያጎድልም፤ እስከ መጨረሻው በእሱ ዝለቁ።

ሦስተኛው ደስ የሚል ነው። ድራማውን የሚያሰራጨው ጣቢያ ሲ.ቢ.ኤስ. ሉሲ ስታረግዝ ቃሉ ራሱ በአየር ላይ እንዳይነገር ከለከለ፤ «ልጅ እየጠበቀች ነው» የሚል ለዘብ ያለ አነጋገር ተተካ። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራራት አያስፈልግም። «አርግዛለች» እና «ነፍሰ ጡር ናት» የሚሉትን ሁለቱን አስቀምጡለት፤ እናቱ የትኛውን እንደምትል ያውቃል።

አራተኛው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሉሲል ከብዙ ዓመት በፊት በኮሚኒስትነት ለምርጫ በመመዝገቧ ተመረመረች። ዴሲ ተመልካቹ ፊት ቆሞ፣ ከሉሲል ቀይ የሆነው ጸጉሯ ብቻ ነው፣ እሱም እውነተኛ አይደለም አለ። ቀልዱ «ቀይ» ላይ ነው የቆመው። እኛ አገር ግን «ቀይ» የሚለው ቃል ከፖለቲካ ጋር ሲነሳ ቀይ ሽብርን ያስታውሳል፣ ብዙ ቤት ውስጥም ቁስል ነው። አሜሪካኖች በዚያ ዘመን ኮሚኒስትን «ቀይ» ይሉ እንደነበር አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ ቀልዱን ጣሉ፣ ቶሎም እለፉ።

ገንዘብ በዛሬው ምንዛሪ አትመንዝሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከዴሲ የስቱዲዮአቸውን ድርሻ የገዛችው በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያኔ አንድ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ስለነበር ከስድስት ሚሊዮን ብር በላይ ነው የሚባለው። በዚህ ግዢ ትልቅ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዴሲሉ የሚለው የስቱዲዮው ስም ከዴሲና ከሉሲል የተገጠመ መሆኑን፣ የሕዋ ጉዞ ድራማው «ስታር ትሬክ» የወጣው ከዚያ ቤት መሆኑን፣ በ1967 ስቱዲዮውን በ17 ሚሊዮን ዶላር መሸጧን ንገሩና ሂዱ። ለማነጻጸር አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ የእሷ ድራማ ሲጀመር ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አልነበራትም፤ የገባው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. ነው።

አሁን ቀረጻው። ባሕር ዳር ውስጥ ጠላታችሁ ቆርቆሮ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ ኮርኒስ ያለው ቤት እንኳ አይቀረጽበትም፤ የዝናብ ድምፅ ሁሉንም የድምፅ ከፍታ ስለሚሸፍን ኋላ በማጽጃ አይወጣም። ባጃጁ ጋብ የሚለው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ያላችሁ የ23ን፣ ሽምብጥ ሚካኤል አጠገብ ያላችሁ የ12ን ዋዜማና ሌሊት ለቀረጻ አትያዙ። ለጣና ዳር የቀረባችሁ ክረምት ላይ እንቁራሪት ታገኛላችሁ፤ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉና በተቃራኒው ግድግዳ በኩል ተቀመጡ። ሙቀቱ ቬንቲሌተር ያስከፍታል። ክፍሉን ቀድማችሁ አቀዝቅዙና ስትቀርጹ አጥፉት። ፍሪጁንም ንቀሉ፣ ስትጨርሱ እንዳትረሱት የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ትንኝ ማይክራፎን አጠገብ ስትዞር እንደ ቀጭን ፉጨት ትሰማለች፤ አጎበር ውስጥ ተቀምጦ መቅረጽ መፍትሔው ነው።

ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ገደል ማሚቶ ያደርገዋል። የስፖንጅ ፍራሽ ከጀርባችሁ አቁሙ፣ በግራና በቀኝ ወንበር ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ። በልብስ የተሞላ ቁምሳጥን ካለ ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አዙሩ። ሞክሩት፦ አንዴ አጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ ጅራት ከተሰማችሁ ልብስ ጨምሩ።

ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት። በመጽሐፍ ቁልል ላይ፣ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ርቀት፣ ወደ አፋችሁ ጥግ ዞር ብሎ ይቀመጥ እንጂ ትክክል ፊት ለፊት አይሁን። አማርኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ የመሳሰሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች ይበዙበታል፤ ፊት ለፊት የተቀመጠ ማይክራፎን ላይ «ቀጠለች» ብቻዋን ሁለት ጊዜ ትሰነጥቃለች። ቅርጹን ዋቭ፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ ሞኖ አድርጉ፤ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ ለአርባ ደቂቃ ቀረጻ 215 ሜጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ከፍተኛው ድምፅ ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይቆይ። ዜሮን የነካ ድምፅ ተቆርጧል፤ በኋላ ዝቅ ማድረግ አያድነውም።

ከማንበባችሁ በፊት ሠላሳ ሰኮንድ ዝም ብላችሁ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ። ስትሳሳቱ ቀረጻውን አታቁሙ። አንዴ አጨብጭባችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመነሻው ድገሙ፤ ጭብጨባው በድምፅ ማስተካከያው ፕሮግራም ላይ እንደ ሹል እሾህ ስለሚታይ ስህተቱን በዓይን ታገኙታላችሁ። መብራት ቢሄድ ስልኩ ይሠራል። የጎረቤት ጄኔሬተር ከተነሳ ግን አቁሙ።

ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ስህተቱን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ክፍተቱን በዚያ የሠላሳ ሰኮንድ ዝምታ ሙሉት። ፍጹም ባዶ ከተዋችሁት አድማጩ ኔትወርክ የተቆረጠ ይመስለዋል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። የጫጫታ ቅነሳውን ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ድረስ ብቻ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ሲያልፍ ድምፃችሁ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የድራማውን መክፈቻ ሙዚቃ አትውሰዱ፣ የባለቤትነት መብት ጥያቄ ያመጣል። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ፈቅዶ ሁለት ደቂቃ ቢቀርጽላችሁ ይበልጥ ያምራል፤ ከንግግሩ ሥር ሲገባ ከ18 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ይበል።

የመጨረሻውን ፋይል ኤም.ፒ.3፣ ሞኖ፣ በሰኮንድ 64 ኪሎቢት አድርጋችሁ አውጡ። ሃያ ደቂቃው 9.6 ሜጋባይት ይሆናል፣ ፓኬጁ ለሳሳበት አድማጭም አይከብድም። ከመልቀቃችሁ በፊት በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በስልኩ ስፒከር፣ ቀን፣ አስፋልት ዳር ቆማችሁ ስሙት። «ዴሲሉ» እና «ዴሲ» ተለይተው ካልተሰሙ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ በዚያው ሌሊት ሰዓት፣ በዚያው ስንዝር ርቀት እንደገና አንብባችሁ ተኩ።