ስክሪን ላይ ያማረ መስቀል ብር ሲሆን ለምን ይበላሻል? የዲጂታል ጌጥ ቅርጽ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ብሌንደር ወይም ዚብራሽ የሚባሉትን የስሪዲ ቅርጽ ፕሮግራሞች ከፍቶ የአንገት መስቀል መቅረጽ ዛሬ ብርቅ አይደለም። በተለይ ብሌንደር በነጻ ስለሚወርድ ላፕቶፕና ትዕግስት ያለው ሁሉ ይሞክረዋል። ጣጣው የሚመጣው ፋይሉ ወደ ፕሪንተር፣ ከዚያ ወደ ጀሶ፣ ከጀሶ ደግሞ ወደ ቀለጠ ብር ሲሄድ ነው። ፕሪንተሩ ቅርጹን በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ያወጣዋል፤ እሱ ጀሶ ውስጥ ተቀብሮ ይቃጠልና በባዶው ቦታ የቀለጠ ብር ይፈስበታል፤ ካስቲንግ የሚባለው ይሄ ነው። አንዳንዱ ወርቅ ሰሪ ፋይሉን አይቶ «ይሄ አይሆንም» ይላል። ሌላው ምንም ሳይል ይሠራውና ስትረከቡ ያላሰባችሁት ነገር ይሰጣችኋል።

ምሳሌ የማደርገው ቁመቱ 35 ሚሊሜትር የሆነ፣ በላሊበላ መስቀል መልክ ሐረጉ የተጠላለፈ ማንጠልጠያና አንድ ቀለበት ነው። አብዛኛው ትዕዛዝ የብሌንደር ነው፤ ዚብራሽ የሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ።

ፋይሉ ስላይሰር (ቅርጹን ለፕሪንተር የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር) ላይ ሲከፈት ምንም አይታይም፣ ወይም መስቀሉ የጤፍ ፍሬ አክሏል

ለፕሪንተር የሚላከው ኤስቲኤል ፋይል ቁጥር ይይዛል እንጂ መለኪያ አይይዝም። ውስጡ 35 የሚል ቢኖር፣ 35 ሜትር ይሁን ሚሊሜትር አይናገርም። የፕሪንተር ሶፍትዌሮች ሁሉንም ሚሊሜትር ነው ብለው ይቀበላሉ። ብሌንደር ደግሞ ካልነካችሁት በሜትር ነው የሚቆጥረው። በጥንቃቄ 0.035 ሜትር ያደረጋችሁት መስቀል ስላይሰሩ ዘንድ 0.035 ሚሊሜትር ሆኖ ይደርሳል፤ ማንም አያየውም። መጀመሪያ ከሚመጣው ባለ 2 ሜትር ኪዩብ ተነስታችሁ ልኩን ሳትነኩ ከቀረጻችሁ ደግሞ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ከሆነ ብዙ አትመራመሩ፤ አንዱ ወገን ኢንች ላይ ነው ያለው።

መፍትሄው ብራሹን፣ ማለትም መቅረጫ መሣሪያውን፣ ከመንካት በፊት ነው። ሲን ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዩኒትስ የሚለውን ክፈቱና ዩኒት ስኬልን 0.001፣ ሌንግዝን ሚሊሜተርስ አድርጉ። ኤክስፖርት ስታደርጉ «ሲን ዩኒት» የሚለው ሳጥን ባዶ ይሁን፤ አለበለዚያ ሁሉንም ነገር እንደገና በ1000 ያካፍልባችኋል። ዕቃውን በኦብጀክት ሞድ ካሳደጋችሁ ወይም ካሳነሳችሁ ደግሞ ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ስኬልን አፕላይ አድርጉ። ይሄን የዘለለ ሰው ብራሹ በአንድ በኩል ሞላላ ሲሆንበት፣ ሪሜሹ (ቅርጹን እንደገና የሚሠራው ትዕዛዝ፤ ከታች እመለስበታለሁ) የማይሆን ልክ ሲሰጠው ይውላል።

ዚብራሽ የራሱ ጠባይ አለው። ከ2 ዩኒት አካባቢ በጣም የራቀ ሞዴል ካስገባችሁ ዳይናሜሽ (የዚብራሽ ሪሜሽ) በትክክል አይሠራም። ዲፎርሜሽን ውስጥ ያለውን ዩኒፋይ ተጭናችሁ ቅረጹ፤ ትክክለኛውን ሚሊሜትር መጨረሻ ላይ ስኬል ማስተር በሚባለው መሣሪያ ትሰጡታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከምትቀርጹት ነገር አጠገብ 17.3 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር አቁሙ። በአሜሪካ ልክ የ7 ቁጥር ቀለበት ውስጥ ማለት ነው፤ እንደ አንድ ሰው ጣት ቁጠሩት። ስክሪኑ ላይ እያጎላችሁ ስትሠሩ እሱን ማየቱ ብቻ ብዙ ጥፋት ያስቀራል።

ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ሐረግ ብሩ ላይ የለም

ዋናው ቅሬታ ይሄ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ብዙ ጊዜም አብረው ይመጣሉ።

አንደኛው ማጉላት ነው። 35 ሚሊሜትሩን መስቀል ስክሪኑን እስኪሞላ ስታቀርቡት ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ያላት መስመር ወደ 2 ሚሊሜትር ተጠግታ ትታያለች። ጥሩ የሬዚን ፕሪንተር እሷን ያወጣት ይሆናል። ብሩም ይቀበላት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ፖሊሽ አለ። እነዚህ ከላዩ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ልጠው ይሄዳሉ። ግማሹ ከተወሰደ ከ0.2 ምን ይተርፋል?

ስለዚህ ተቆፍሮ የሚገባ መስመር ስፋቱም ጥልቀቱም ከ0.4 ሚሊሜትር አይነስ። ከፍ ብሎ የሚወጣ ሐረግ 0.5 ይሁን። በክፍተቶች መካከል ያሉት ድልድዮች፣ ማለትም መስቀሉን መስቀል የሚያደርጉት ቀጫጭን ክሮች፣ ከ0.8 በታች ባይወርዱ ይመረጣል፤ 1 ሚሊሜትር ከሆነ ወርቅ ሰሪው አያጉረመርምም። የመስመሩን ግርግዳ ደግሞ እንደ ገደል ቀጥ አታድርጉት፤ ወደ ላይ ትንሽ ከፈት ይበል። ጥላ የሚይዘው እንደዚያ ሲሆን ነው። ብሩ ሲጠቁርም ጥቁሩ ከውስጥ ቀርቶ ሐረጉን ያወጣዋል።

ጥርጣሬ ካላችሁ ምስሉን 1 ለ 1 በሆነ ልክ ወረቀት ላይ አትሙት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እዩት። እዚያ ላይ ያልታየ ሐረግ ደረት ላይ አይታይም።

ሁለተኛው ምክንያት ሪሜሽ ነው። ቮክሰል ሪሜሽ ቅርጹን በትናንሽ ኪዩቦች ከፋፍሎ እንደገና ይሠራዋል። ከኪዩቡ የቀጠነ ነገር ይጠፋል፤ ከኪዩቡ የጠበበ ክፍተት ይደፈናል። ቮክሰል ሳይዙን 0.3 ሚሊሜትር ላይ ትታችሁ ሐረጉን ብትሪሜሹት የተጠላለፈው ሁሉ ተጣብቆ አንድ ሊጥ ይሆናል። ለዚህ መስቀል በመጀመሪያ ረቂቅ 0.2፣ ሐረጉ ሲጀመር 0.05 በቂ ነው። በ0.05 ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ፖሊጎን (የቅርጹ ገጽ የሚገነባበት ትንሽ ጠፍጣፋ ቁራጭ) ይመጣል፤ መካከለኛ ላፕቶፕ ይችለዋል። ልኩን በግማሽ በቀነሳችሁ ቁጥር ፖሊጎኑ አራት እጥፍ ስለሚሆን ከዚህ በታች መውረድ ማሽን ማስጨነቅ ነው፤ ፖሊሹ ለሚያጠፋው ነገር። የዚብራሹም ዳይናሜሽ እንደዚሁ ነው፤ ሪዞሉሽኑ ሲያንስ የተቀራረበውን ሁሉ ያጣብቃል። ከዚህ በፊት በመልቲሬዝ (ዝርዝርን በደረጃ በደረጃ በሚይዘው የብሌንደር ሞዲፋየር) የሠራችሁት ዝርዝር ካለ ደግሞ ሪሜሽ ያጠፋዋል፤ አስቀድማችሁ ኮፒ አስቀሩ።

ስላይሰሩ «ሜሹ ስህተት አለበት» ይላል፣ ወይም ግማሹ ክፍል ሳይታተም ይቀራል

ሜሹ፣ ማለትም በፖሊጎኖች የተሠራው የቅርጹ ገጽ፣ ውሃ የማያስገባ አይደለም ማለት ነው። የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፤ ወይም ሁለት ክፍሎች ሳይዋሃዱ ተደራርበዋል፤ ወይም የፖሊጎኑ ውስጥና ውጭ ተገልብጧል። ጌጥ ላይ በብዛት የማየው ማንጠልጠያውን ቀለበት ከመስቀሉ አናት ላይ ነካ አድርጎ ማቆም ነው። ዐይን ሲያየው ተያይዟል። ፕሪንተሩ ግን በሁለቱ መካከል ክፍተት ያገኛል።

ኦቨርሌይ ውስጥ ፌስ ኦሪየንቴሽንን አብሩ። ውጭው በሙሉ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቀይ የታየበት ቦታ ተገልብጧል። ኤዲት ሞድ ገብታችሁ ሁሉንም መርጣችሁ ሺፍትና ኤን ተጫኑ። ቀዳዳዎቹን ስሪዲ ፕሪንት ቱልቦክስ የሚባለው የብሌንደር ተጨማሪ መሣሪያ ፈልጎ ያሳያችኋል። ከብሌንደር 4.2 ጀምሮ አብሮ አይመጣም፤ ከኤክስቴንሽን ገጹ አውርዱት። የተደራረቡትን ክፍሎች ደግሞ በደንብ እርስ በርስ አስገቧቸውና፣ ግማሽ ሚሊሜትር ይበቃል፣ በቡሊያን ዩኒየን ወይም በአንድ ሪሜሽ አዋህዷቸው።

ኮምፒውተሩ ቆመ፤ ፋይሉም አልላክ አለ

አንድ ሦስት ማዕዘን ባይነሪ ኤስቲኤል ውስጥ 50 ባይት ይይዛል። 4 ሚሊዮን ከሆኑ 200 ሜጋባይት ነው። በቴሌግራም ለወርቅ ሰሪው ስትልኩ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የእሱም ማሽን አይከፍተውም። ዴሲሜት ሞዲፋየር፣ ዚብራሽ ላይ ደግሞ ዴሲሜሽን ማስተር፣ ወደ 500 ሺህ ቢያወርደው ፋይሉ 25 ሜጋባይት ይሆናል። በዐይን የሚለይ ለውጥ የለውም።

ክብደቱ ከተባለው በላይ መጣ

የብር ዋጋ በግራም ነው፤ ስለዚህ ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ከደንበኛ ጋር መጣላት አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክብደቱን ማንም አላሰላም። ስሪዲ ፕሪንት ቱልቦክስ ይዘቱን ይነግራችኋል። በኪዩቢክ ሚሊሜትር የተሰጠውን ለ1000 አካፍሉና በ10.4 አባዙት፤ የ925 ብር ግራም ነው። ለ18 ካራት ቢጫ ወርቅ በ15.5 አባዙ።

መስቀላችን 3 ሚሊሜትር ውፍረት ኖሮት ይዘቱ 1300 ቢሆን 13.5 ግራም ብር ነው። በወርቅ ከ20 ግራም ያልፋል። ውፍረቱን ወደ 2 ብታወርዱት ሲሶው ይቀንስና ብሩ 9 ግራም ይሆናል። ከፊት ወፍራም መስሎ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ጠርዙን እንዳለ ትታችሁ ጀርባውን ቦርቡሩት። ውስጡን ግን ዙሪያውን ዘግታችሁ ባዶ አታድርጉ። ያልደረቀ ሬዚን ከውስጥ ይቀራል፤ ጀሶውም አይገባበትም።

ቀለበቱ ጠበበ

ብር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሬዚኑም በበኩሉ ትንሽ ይቀንሳል። በድምሩ 2 በመቶ ቢቀንስ 17.3 የነበረው 16.95 ይሆናል፤ ግማሽ ቁጥር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከሬዚኑ ላይ የጎማ ሞልድ ተወስዶ በሰም ከተባዛ ደግሞ ቅነሳው ይጨምራል።

ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር አትመኑ። የእያንዳንዱ ወርቅ ሰሪ ጀሶ፣ ምድጃና አሠራር ይለያያል። አንድ ተራ ቀለበት ሥሩና እሱ ዘንድ አስወጡ፤ የወጣውን በካሊፐር (ስፋትን በሚሊሜትር ክፍልፋይ በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። 17.3 ልካችሁ 16.95 ከመጣ 17.3ን ለ16.95 አካፍሉ፤ 1.02 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለእሱ የምትልኩትን ሁሉ በዚያ አሳድጉ።

ሌላም ምክንያት አለ። በብራሽ ስትቀርጹ የውስጡ ክብ ሳታውቁት ይጎብጣል። መጨረሻ ላይ ትክክለኛ ስፋት ባለው ሲሊንደር በቡሊያን ቆርጣችሁ አውጡት። ሲሊንደሩ ደግሞ ብሌንደር በራሱ በሚሰጠው 32 ጠርዝ አይሁን፤ ፖሊሽ ሲደረግ 32ቱ ጠፍጣፋ ቦታዎች አንድ በአንድ ያበራሉ። 256 አድርጉት።

ፊቱ አባጣ ጎርባጣ ነው

ቅርጹን የምታዩበት ሸክላ መሰል ግራጫ ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናል። የተወለወለ ብር ግን መስታወት ነው። በጣም ቀላሏን ሞገድ ሳይቀር ያሳብቃል። የሚያብረቀርቅ ማትካፕ (ሞዴሉ የተወለወለ ዕቃ መስሎ እንዲታይ የሚያደርግ የስክሪን ገጽታ) ምረጡና ሞዴሉን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ነጸብራቁ ከተንቀጠቀጠ ቦታው ጎርብጧል። በስሙዝ ብራሽ እላዩ ላይ መመላለስ አያድነውም፤ ፖሊጎኑ ብዙ ስለሆነ ጉብታው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ሐረግ ከመጀመሩ በፊት፣ ሪሜሹ ገና ሻካራ ሳለ፣ ዋናውን ፊት አስተካክላችሁ ጨርሱ።

ይሄ ማለት ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይበል ማለት አይደለም። የድሮ አንጥረኞች የሠሯቸውን መስቀሎች ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። የእጅ ሥራ መሆኑ ደስ የሚለው እዚያ ላይ ነው። እኔ በሲሜትሪ እጀምርና ሐረጉ ላይ ስደርስ አጠፋዋለሁ።

ብሩ ተቦርቡሮ ወይም ሻክሮ ወጣ

ይሄ ሁልጊዜ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ንብ ሰም በትንሽ ሙቀት፣ ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል፣ ቀልጦ ከጀሶው ይወጣል። ሬዚን አይቀልጥም፤ መቃጠል አለበት፤ ለዚያም ከ700 ዲግሪ በላይ የሚደርስና በዝግታ የሚወጣ ሙቀት ይፈልጋል። በሰም የለመደ ባለሙያ ሬዚኑን እንደ ሰም ከያዘው አመድ ይቀራል፤ አመዱ ብሩን ይበላዋል። ሬዚኑ ለካስቲንግ የተሠራ ዓይነት መሆኑን፣ በደንብ ታጥቦ መድረቁን አረጋግጡ።

የእናንተ ድርሻ ወፍራሙ አካል በቀጭን አንገት መጨረሻ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ወፍራሙ መጨረሻ ይደርቃል፤ ሲኮማተር የሚስበው ቀልጦ የቆየ ብር አያገኝም፤ ስለዚህ ውስጡ ይቦረቦራል። ውፍረቱን አቀራርቡ፣ ወፍራምና ቀጭን የሚገናኙበትን ማዕዘን ክብ አድርጉ፣ ብሩ የሚገባበትን ቦይ ከወፍራሙ ጋር አያይዙ።

ድንጋዩ አልገባም

እውነቱን ለመናገር ለድንጋይ ማስቀመጫ የቅርጽ ሶፍትዌር ጥሩ መሣሪያ አይደለም። የተቆረጡ ትናንሽ ድንጋዮች በብዛት የሚደረደሩበት ሥራ ከሆነ በቁጥር የሚሠራ እንደ ራይኖ ያለ ፕሮግራም ይሻላል። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከሆነ ግን ይቻላል።

የወሎ ኦፓልን እንውሰድ። በደላንታ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 በብዛት ከተገኘ ወዲህ የአገር ቤት ጌጥ ላይ እየበዛ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚለሰልሰው በእጅ ስለሆነ ሁለት ድንጋይ እኩል አይመጣም። «8 በ6» ተብሎ የተሸጠው 8.3 በ5.9 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ የነገራችሁን ትታችሁ ያንኑ ድንጋይ በካሊፐር ለኩና ቅርጹን በዚያው ልክ ሥሩ። ማስቀመጫውን ከድንጋዩ ትንሽ ጠበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ወርቅ ሰሪው በመሣሪያው ያሰፋዋል። ከሰፋ ግን መመለሻ የለውም። ድንጋዩን የሚያቅፈውን ቀጭን ከንፈር በካስቲንግ ከማውጣት ከብር ልጣጭ በእጅ ቢሠራ ይሻላል።

ይህ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፤ ሙቀትም ይሰነጥቀዋል። የሚገባው ብየዳው፣ ማጥቆሩና ፖሊሹ ካለቀ በኋላ ነው፤ ይሄን ፋይሉን ስትልኩ ለወርቅ ሰሪው በጽሑፍ ንገሩት።