በእርባታ የተገኘ የባሕር ዓሣ አካባቢን አለመጉዳቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከእርባታ የተገኘው የውኃ እንስሳት ምርት ከተፈጥሮ ውኃ ከተጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። ሆኖም ዓሣው በእርባታ መገኘቱ ብቻውን ባሕሩ ከጉዳት ድኗል ለማለት አያበቃም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የዓሣውን ዝርያ ይወቁ፤ ቀጥሎም ምን እንደተመገበ ይጠይቁ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ሳልሞን ሥጋ በል በመሆኑ በመኖው ውስጥ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ይገባል፤ እነዚህም በፔሩ ጠረፍ እንደሚጠመደው አንቾቪ ካሉ ትናንሽ ዓሦች ይዘጋጃሉ። በኖርዌይ የሳልሞን መኖ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 90 በመቶ ገደማ የነበረው ከባሕር የሚገኝ ግብዓት፣ በ2013 ወደ 30 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ይህ ትልቅ መሻሻል ቢሆንም ቦታውን ከያዙት ተክሎች ዋነኛው አኩሪ አተር ነውና፣ ደን ተመንጥሮ የተዘራ ከሆነ ጉዳቱ ከባሕር ወደ የብስ ተሻገረ እንጂ አልቀረም። ብሉፊን ቱና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ተይዞ በመረብ ውስጥ የሚቀለብ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ለመጨመር ከ10 ኪሎ በላይ ትናንሽ ዓሣ ሊፈጅ ይችላል፤ ይህን ከእርባታ ይልቅ ማድለብ ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ሦስተኛው ጥያቄ ዓሣው የት አደገ የሚለው ነው። ባሕር ላይ በተዘረጋ ክፍት መረብ ውስጥ ከሆነ ኩሱና የተረፈው መኖ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል፤ የባሕር ቅማል የተባለው የዓሣ ጥገኛ ተባይም በአቅራቢያው ወደሚያልፉት የዱር ዓሦች ይዛመታል። መረቡም ሊቀደድ ይችላል፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የእርባታ መረብ ተሰብሮ ከ200,000 በላይ የአትላንቲክ ሳልሞን የዚያ ዝርያ መኖሪያ ወዳልሆነው የፓስፊክ ውኃ አምልጧል። በየብስ ላይ ውኃውን እያጣራ መልሶ የሚጠቀም ገንዳ ይህን ችግር በእጅጉ ቢቀንስም ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ጥቅሙ ይሳሳል።

ከዚያም ስለ መድኃኒት ይጠይቁ። የኖርዌይ አርቢዎች ዓሣውን መከተብ ከጀመሩ ወዲህ የአንቲባዮቲክ ፍጆታቸው እጅግ አሽቆልቁሏል፤ በቺሊ ግን አጠቃቀሙ ለረጅም ጊዜ ከፍተኛ ሆኖ ቆይቷል። አገሩ አንድ ፍንጭ እንጂ ሙሉ መልስ አይደለም።

በመጨረሻ በማሸጊያው ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመውና በኃላፊነት ለሚሠሩ የዓሣ እርባታዎች ማረጋገጫ የሚሰጠው የአኳካልቸር ስቱዋርድሺፕ ካውንስል ምልክት እንዳለ ይመልከቱ። ምልክቱም ከሌለ፣ ሻጩም መልስ ከሌለው፣ ከውኃው ራሳቸው አጣርተው ስለሚመገቡ መኖ የማይጨመርላቸውን እንደ ሙሰል ያሉ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት ይምረጡ።