የጎመኑ ዘርም የራስ ይሁን፦ በመሀል አዲስ አበባ ግቢ የሐበሻ ጎመን ማልማትና ዘሩን ማቆየት

ቪያ ካምፔሲና የተባለው ዓለም አቀፍ የገበሬዎች ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1996 የምግብ ሉዓላዊነትን፣ ማለትም ሕዝብ ምን እንደሚያመርትና ምን እንደሚበላ ራሱ ይወስን የሚለውን ሐሳብ፣ ወደ አደባባይ ካወጣ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ብዙ ስብሰባ ተካሂዷል። አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ጥቂት ጎመን ለሚተክል ሰው ግን ነገሩ ዘር ላይ ይጀምራል። በየዓመቱ ዘር የሚገዛ ሰው ባለሱቁ «አልቋል» ሲለው መደቡ ባዶውን ይከርማል።

ለጅምር የሐበሻ ጎመንን የሚያህል የለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ ከፍ ያለውን የከተማዋን አየር ይወደዋል፤ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅልም ዘሩ እናቱን ይመስላል። ጥቅል ጎመን ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል፤ ገበያ ላይ ያለው ዘሩም ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ዲቃላ በመሆኑ ከእሱ የተገኘ ልጅ እናቱን አይመስልም። ቆስጣ ደግሞ በነፋስ ይዳቀላል፤ ጎረቤት ቀይ ሥር ካበበ ዘራችሁ ይደባለቃል። ሁለቱን ለጊዜው ተዉአቸው።

ዘሩን ለቅጠል ከሚያለሙ ሰዎች ፈልጉ። ለምጣድ ማሰሻ የሚሸጠው የጎመን ዘር ዓይነቱ ያው ነው፣ ካላረጀ ይበቅላልም፤ ግን ለቅጠሉ ተብሎ የተመረጠ ላይሆን ስለሚችል ቶሎ አብቦ ሊያሳዝናችሁ ይችላል። ከመዝራት በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ 5 ቀን አቆዩ። 16 እና ከዚያ በላይ ካቆጠቆጠ ጥሩ ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ሌላ ዘር ፈልጉ።

አፈርና ማስቀመጫ

ጋራዥ ወይም ቀለም ቤት የነበረበት ግቢ መሬቱ ላይ ባይተከልበት ይሻላል። በ50 ኪሎ ጆንያ ወይም በጀሪካን ተጠቀሙ። ያገለገለ ጀሪካን ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ስትገዙ ሽተቱት፤ የኬሚካል ሽታ ካለው አጥባችሁ እንኳ አትያዙት፣ የምግብ ዘይት የነበረበትን ውሰዱ።

ድብልቁ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። አሸዋው ከቀረ የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ጭቃ አድርጎት ሥሩ ይታፈናል። ጆንያውን ስትሞሉ መሀሉ ላይ ጫፍና ጫፉ የተቆረጠ ጣሳ አቁሙና ውስጡን ጠጠር ሙሉበት፤ አፈሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት። በመጨረሻ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ምሰሶ ይኖራችኋል። ውኃ የምታፈሱት እዚያ ላይ ነው። ይህ ከሌለ የላዩ ብቻ ይረጥብና የጎን ችግኞች በሳምንት ውስጥ ይደርቃሉ። በጎን በኩል በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ አውጡ።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጆንያ አታስቀምጡ። እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተሞልቶ ውኃ የጠጣ ጆንያ ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ለበረንዳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ እሱንም በግድግዳው ጥግ ደርድሩ።

ኮምፖስት

በመጠን 2 እጅ ደረቅ (ጭድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን) ለ1 እጅ እርጥብ (ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ዘር ያልያዘ አረም) በተነባበረ ጆንያ ወይም በተበሳሳ በርሜል ውስጥ ጨምሩ። ወጥ፣ ሥጋና ዘይት የነካው ነገር አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንዲሁ ይቅር፤ የሌላውን ተክል እድገት ያግዳል። አመድ በየንብርብሩ ከአንድ እፍኝ አይበልጥ። በየ10 ቀኑ ገልብጡት። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ከሸተተ አየር አጥቷል፣ ካርቶን ጨምሩ። ካልሞቀ ወይ ደርቋል ወይ መጠኑ አንሷል። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ይበስላል፤ የመሬት ሽታ ሲኖረውና የገባው ነገር ሳይለይ ሲቀር ይታወቃል። ጥሬ የዶሮ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ቢያንስ 3 ወር ከደረቁ ጋር ይቀመጥ።

ከቀበና፣ ከግንፍሌ ወይም ከባንተይቀጡ ውኃ ቀድቶ ጎመን ማጠጣት አይሆንም። ፍሳሹ ጀርም ያመጣል፤ የፋብሪካና የጋራዥ ዝቃጭ ያለበት ውኃ ደግሞ ከባድ ብረቶችን ወደ ቅጠሉ ያስገባል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት በማጠብ አይወጣም። የወንዙ ዳር አፈርም ያው ነው። ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ፣ ሽንኩርትና ድንች የታጠበበት ውኃ ይሆናል፤ ኦሞ ወይም በረኪና የነካው አይሆንም።

መዝራት

ዘር የምትፈልጉበትን ጎመን ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ዝሩ። እንዲህ ከሆነ ፍሬው የሚደርቀው በበጋ፣ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ነው። በሰፊ ጣሳ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 1,000 ፍሬ ስለሚይዝ ቁንጥር ታክል ብቻ በትኑ። 4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ በ5 ሳምንት ገደማ፣ ወደ ማታ አዛውሩት። በጆንያው አናት 3፣ በጎኑ 6 ያህል ይበቃል። በረዶ ሊጥል ሲል ጆንያ ዘርጉበት።

ስትቀነጥሱ ከሥር ጀምሩ፣ ከሲሶ በላይ አትውሰዱ፣ ለጋውን ጫፍ አትንኩ። ዝናቡ ሲያቆም ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይመጣል፦ በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ በቅጠሉ ጀርባ ርጩ፣ ከ4 ቀን በኋላ ድገሙ።

ዘር ማስቀረት

ብዙ ቤት የሚደረገው ያማረውን ጎመን በልቶ የተረፈውን ለዘር መተው ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቅጠሉ ይኮሰምናል፤ ቶሎ ያበበውን ብቻ እያዘራችሁ ስለሆነ ጎመኑም ቶሎ አባቢ ይሆናል። መስከረም ላይ፣ ቅንጠሳው ሳይበረታ፣ ቅጠለ ሰፊውን፣ ተባይ ያልደፈረውንና ዘንግ (አበባ የሚይዘውን ረጅም ግንድ) ለማውጣት የዘገየውን ምረጡና በቀይ ክር እሰሩ። ክር የታሰረበት ለድስት አይደለም፤ ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፣ ካልነገራችሁ ለእንግዳ ይቀነጠሳል። ከ6 እናት አይነስ፣ 10 ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቂት እናት የዘሩን ስብጥር ያጠብበዋል። ቶሎ ዘንግ ያወጡትን አበባቸው ሳይፈነዳ ንቀሉ፤ ንብ ከእነሱ ወደ ምርጦቹ ታዳቅላለች። ጎረቤት ሰናፍጭ ወይም ሌላ ጎመን ካለ አበባውን በአሮጌ ሻሽ ሸፍኑ፣ ጠዋት ጠዋት ዘንጉን ነቅነቅ አድርጉ፤ ንብ ባይነካውም ፍሬ ይይዛል።

ገበሬው እንዲህ መርጦ ያቆየው ዘር ሀብት መሆኑን አጥብቀው ከተሟገቱት አንዱ ዶ/ር መላኩ ወረደ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ መርተዋል፤ በ1989 ደግሞ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል።

ዘንጉ ሰው ቁመት ሊደርስ ስለሚችል በእንጨት ደግፉት። ከታች ጀምሮ ከፍሬው (ዘሩን ከያዘው ቀጭን ከረጢት) ሁለት ሦስተኛው የገለባ ቀለም ሲይዝ፣ ጠዋት ጤዛ ሳለ ቁረጡ፤ እኩለ ቀን ከሆነ ፍሬው ተፈንክቶ መሬት ላይ ይቀራል። አንሶላ ላይ፣ በጥላ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን አድርቁ፣ ዱቁና በሰፌድ አንፍሱ። ቆርቆሮ ላይ በቀትር ፀሐይ አታስጡት፤ ሙቀቱ ዘሩን ይገድላል። በጥፍር ስትጫኑት ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተዳመጠ ገና ነው፣ ታሽጎ ከተቀመጠም ይሻግታል።

በብርጭቆ ማሰሮ፣ ከሥሩ የተቆላና የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ቋጥራችሁ አስቀምጡ፤ እርጥበቱን ሩዙ ይስበዋል። ከምድጃና ከፍሪጅ አናት ይራቅ። ላዩ ላይ ዓመተ ምህረቱንና የእናቶቹን ቁጥር ጻፉ። ግማሹን ሌላ ቤት አስቀምጡ፤ የእናንተ ቢነቅዝ ወይም ቢረጥብ ከዚያ ይመለሳል። በደንብ የደረቀ ዘር 4 ዓመት ያህል ይቆያል፤ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን ሰኔ በገባ ቁጥር የ20 ፍሬውን ሙከራ ድገሙ።